ቁራኛ፦ ሰው በዕዳ የሚወድቅባቸው መንገዶች

በዛሬው ዝግጅታችን አንድ ቤተሰብ እንዴት ለኪሳራ እንደሚዳረግ ታሪክን እያጣቀስን እንነጋገራለን።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አዲስ ዓለምን እናገኛለን። ይህች ከተማ የአገሪቱ መናገሻ እንድትሆን ታስባ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። በዚህም ምክንያት አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀመሩ። ነገር ግን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ እየደረሰ የእንጨቱን ችግር አቃለለ፤ መናገሻውም አዲስ አበባ ላይ ጸና። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሚበቅለው በላይ ይፈጅ የነበረውን ከተማ ያዳነው ቦታ መቀየር ሳይሆን መትከል ነው። ቤትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያውን ዕዳ በሁለተኛ ብድር የሚከፍል ሰው ቦታ ቀየረ እንጂ ከችግሩ አልወጣም።

ቀደም ባለው ዘመን በአገራችን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ይህም ቁራኛ ይባላል። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው አነጋገር ይህንኑ ልማድ ያስታውሰናል። በኋላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኪሳራ ሲደነግግ ያተኮረው በነጋዴዎችና በንግድ ማኅበራት ላይ ነበር፤ እርሱም በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቷል። የብረቱ ሰንሰለት ቀርቷል። ነገር ግን ዛሬም አበዳሪውን ሶፍ ላይ እንዳያገኘው ሲል ከጁሙዓ የሚቀር ወንድም አለ። ስልኩን አጥፍቶ የሚውል፣ ለባለቤቱ እንኳ ያልተናገረ አለ። ይህ ከብረቱ በምን ይሻላል?

ለመሆኑ ሰው እንዴት እዚህ ይደርሳል?

አንደኛው መንገድ ድንገተኛ አደጋ ነው። ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው በገዛው ፍራፍሬ ከስሮ ዕዳው በዛ። ነቢዩም ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። የተሰበሰበው ዕዳውን ስላልሸፈነ፣ አበዳሪዎቹን ያገኙትን እንዲወስዱና ከዚያ በላይ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ዛሬም የቤት አስተዳዳሪ ይታመማል፤ ጤፉን በረዶ ይመታዋል፤ በሬ ይሞታል። ይህ ሰው የሚያስፈልገው እጅ እንጂ ወቀሳ አይደለም።

ሁለተኛው ለታይታ መኖር ነው። በሙወጠእ እንደተዘገበው፣ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ኡሰይፊዕ የተባለ የጁሀይና ጎሣ ሰው ከሌሎች ሐጃጆች ቀድሞ ለመድረስ ግመል በውድ ዋጋ እየገዛ ይገሠግስ ነበር፤ በመጨረሻም ከሰረ። ዑመርም ይህ ሰው «ቀደመ» መባልን እንደወደደ ተናግረው፣ አበዳሪዎቹ በማግስቱ ጠዋት እንዲመጡና ንብረቱ እንዲከፋፈልላቸው አደረጉ። ሕዝቡንም ዕዳ በጭንቀት ጀምሮ በጠብ እንደሚያልቅ አስጠነቀቁ። እንግዲህ በሐጅ መንገድ ላይ እንኳ ታይታ ካከሰረ፣ ጎረቤት ምን ይላል ተብሎ በብድር የሚደገስ ሠርግ ምን ያደርግ?

ሦስተኛው አራጣ ነው። አራጣ የተበደረ ሰው ወሩን ሙሉ ደክሞ ወለዱን ብቻ ይከፍላል፤ ዋናው እንዳለ ይቀመጣል። ከዚሁ ጋር በይሉኝታ ለሰው ዋስ መሆንን እንጨምራለን። ፊርማ ቀላል ይመስላል፤ ተበዳሪው ሲጠፋ ግን የሚሸጠው የዋሱ ላም ነው።

አራተኛው የሱቅንና የቤትን ገንዘብ መቀላቀል ነው። ስኳሩና ዘይቱ ሳይመዘገብ ከመደርደሪያ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ለጎረቤት ዱቤ በቃል ይሰጣል። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰውም ብሩን በልቶ ሲጨርስ፣ የቀሩት ሳምንታት ዕዳ ይሆኑበታል። ሱረቱል በቀራ 282 ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘው ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ጭምር መድኃኒት ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዕዳ ያለብን ዛሬውኑ ቁጭ ብለን እንጻፈው፤ ለባለቤታችንም አንደብቅ። አበዳሪውን አንሽሸው፤ ቀርበን ጊዜ እንጠይቀው። እያለው የሚያጓትት ግን በዳይ መሆኑን አንርሳ። አበዳሪ የሆንን ደግሞ ሱረቱል በቀራ 280ን እናስታውስ፤ አላህ (ሱ.ወ) የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ እንዲጠበቅ አዟል፤ ብንተውለት ደግሞ ለእኛ የተሻለ መሆኑን ነግሮናል። ጀማዓውም ድርሻ አለው። በሱረቱ ተውባ 60 ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለ ዕዳዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ዘካችንን ስናወጣ ከሶፋችን የጠፋውን ወንድም እንፈልገው፤ ምናልባት ያስቀረው ስንፍና ሳይሆን ሐፍረት ይሆናል።

አላህ ከዕዳ ክብደት ይጠብቀን፤ ዕዳ ያለባቸውንም ከሐላል ገቢ ያብቃቃቸው። አሚን። ወሏሁ አዕለም።