ሐውልቱ ገዝፎ፣ ሰዉ አንሶ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የአክሱምን ሐውልት ማየት ብርቅ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ መሃል ላይ ብቻውን ቆሟል። ሰው ካለም ከእግሩ ሥር ትንሽ ሆኖ ይታያል። እንዲህ የማየት ልማድ ታሪክ አለው፤ አንዱ ሐረጉም ከዌልስ ይመዘዛል።

ዌልሳዊው ሠዓሊ ሪቻርድ ዊልሰን (1714–1782 እ.ኤ.አ.) ጣልያን ቆይቶ ሲመለስ የአገሩን ተራሮችና የካርናርቨንን ከተማ ግንብ በዘይት ቀለም ሣለ። ግንቡን በ1283 ማስገንባት የጀመረው የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ነው፤ ዓላማውም ዌልሶችን አስገብሮ መያዝ ነበር። በዊልሰን ሸራ ላይ ግን ያ የወረራ ምሽግ ለስላሳ ብርሃን ያረፈበት፣ ዓይን የሚያሳርፍ ፍርስራሽ ሆነ።

የዊልሰን ተማሪ ጆሴፍ ፋሪንግተን ነበር፤ የፋሪንግተን ተማሪ ደግሞ ሄንሪ ሶልት። ሶልት በ1805 የቫይካውንት ቫለንሺያ ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ወደ ትግራይ ገባ፤ ራስ ወልደ ሥላሴን አንታሎ ላይ አገኘ፤ አክሱምንም ጎበኘ። የሣላቸው ሥዕሎች በ1809 ለንደን ታትመው ወጡ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ»ን የጻፈው ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ነው። ሶልት ግን አገሩን ረግጦ ሣለ፤ ቢሆንም ከለንደን የተማረውን ዓይን ይዞ ነው የመጣው። በሥዕሉ ሐውልቱ ከትልቁ የዳሮ ዛፍ አጠገብ ሽቅብ ይመዘዛል። ሰዎቹ የድንጋዩን ቁመት መለኪያ ይመስላሉ።

ሥዕሉ ግን ውለታም አለው። ሶልት የንጉሥ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጧል። በዘመኑ ከታላላቆቹ ሐውልቶች ቆሞ የነበረው አንዱ ብቻ እንደሆነም ያስታውሰናል። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሌላው ያኔ ወድቆ ነበር። በ1937 ጣልያን ወደ ሮም ወሰደው፤ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 ዳግም ቆመ። ለዚያ ድንጋይ መመለስ አገር ውስጥም ውጭም ያለው ሐበሻ ለዓመታት ጮኋል፤ ጩኸቱም ተገቢ ነበር።

በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ የጽዮን በዓል ሊደርስ ሲል፣ በዚያችው ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች በኤርትራ ወታደሮች ተገደሉ። በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ በተቀመጥኩባቸው ማዕዶች «ሐውልቱ ተረፈ ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ሰዉስ?» ከሚለው ቀድሞ ሲነሣ ሰምቻለሁ። ጠያቂዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አክሱምን በድንጋይዋ እንድናውቃት የተደረግን ነን።

ሥዕሉን ከግድግዳ ማውረድ አያሻም። ልጆቻችን «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁን ግን ከሐውልቱ በፊት ከሥሩ የተቀመጡትን ሰዎች ብናሳያቸው መልካም ነው። የገበያው፣ የደጀ ሰላሙ፣ የቀብሩም ባለቤቶች እነሱ ናቸው።