ከቶኪዮ በኋላ ያለው አበበ

ሰሞኑን የት ጠፋህ ላላችሁኝ፦ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሞተር ወድቆ አከርካሪው ተጎድቷል። ስሙን አልጽፍም፣ አብራችሁት የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። እናቱ ኮሪደር ላይ እጄን ይዘው «መምህር፣ ልጄ ይራመዳል?» አሉኝ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ምን ልበላቸው? የማውቀውን የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ነገርኳቸው።

አበበን የምናውቀው እስከ ቶኪዮ ነው። እኔም ክፍል ውስጥ የሮምን ባዶ እግር፣ ትርፍ አንጀቱን ታክሞ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ቶኪዮ ላይ መድገሙን አወራና ደወል ይደወላል። ቀሪው ሳይነገር ይቀራል።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ሸኖ አካባቢ የሚነዳት ቮልስ ተገለበጠች። ሌሊቱን እዚያው አድሮ የተገኘው ጠዋት ነው። አንገቱ ላይ ተጎድቶ እጁም እግሩም አልታዘዝ አለው። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

እዚህ ሆስፒታል ላይ ትንሽ ልቆይ። የጥንት ግብፅ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ጉዳት የማይታከም ብለው በፓፒረስ ጽፈውታል። ከሺህ ዓመታት በኋላም ነገሩ ብዙም አልተለወጠም ነበር። በሽተኛውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የአከርካሪው ስብራት ሳይሆን የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ከናዚ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ይሁዲ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 እዚያ ሥራ ሲጀምር ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፦ በሽተኛውን ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ከዚያ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ስፖርት። በ1948 በ16 የቀድሞ ወታደሮች የጀመረው የቀስት ውድድር አድጎ በ1960 ሮም ገባ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው እሱ ነው። አበበ ሮም ላይ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የዊልቸሮቹ ውድድር እዚያው ከተማ የተከፈተው መስከረም 8። ስምንት ቀን ብቻ!

አበበ ስቶክ ማንደቪል ስምንት ወር ያህል ቆየ። እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ አልተመለሱም።

ይሄን የምለው «እንደ አበበ በርታ፣ ትነሳለህ» የሚሉ ጠያቂዎች ስለሰማሁ ነው። አበበ አልተነሳም እኮ! ህብለሰረሰር ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል መጀመሪያ ዝም ይላል። ጨርሶ ካልተበጠሰ ግን በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሚመለስ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚመለስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪምም በእርግጠኝነት አይናገርም። እጅ ተመለሰ ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ራስን ማጉረስ ነው፣ ዊልቸር መግፋት ነው። አበበ በእነዚያ እጆች በ1970 እንግሊዝ ውስጥ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ላይ በበረዶ ተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ፤ በረዶ ላይ፣ የጃቶ ልጅ!

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። ይሄን ለእናትየው አልነገርኳቸውም።

ልጁ ትናንት የቀኝ አውራ ጣቱን ትንሽ አነቃንቋል። ምን ማለት እንደሆነ ገና አልነገሩንም። ነርሷ አንገቱ ሳይጠማዘዝ እንዴት እንደሚገላበጥ አሳይታናለች፤ ሦስት ሰው ይፈልጋል፣ በየሁለት ሰዓቱ። ሐሙስና ዓርብ ሌሊት እኔ አለሁ። ቅዳሜ ሌሊት ሁለት ሰው ጎድሎናል፤ የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።