የተረገመው ሰማያዊ ጭቃ፦ የኮምስቶክ ወርቅና ብር ታሪክ

እስቲ ለአንድ ቀን ወርቅ አጣቢ እንደሆናችሁ አስቡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውሃው እንደ ልብ አይገኝም። ከጠዋት እስከ ማታ አፈር እየዛቃችሁ ታጥባላችሁ። ወርቅ አለ፣ ደስ ይላል። ግን ከወርቁ ጋር አንድ ከባድ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ጭቃ እየመጣ ማጠቢያችሁን ይደፍነዋል። ምን ታደርጋላችሁ? እየረገማችሁ ወደ ጎን ትወረውሩታላችሁ፣ አይደል?

እ.ኤ.አ. በ1859 በምዕራብ አሜሪካ፣ ዛሬ ኔቫዳ በምትባለው ግዛት ውስጥ የነበሩ ወርቅ ፈላጊዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሰኔ ወር ፒተር ኦራይሊ እና ፓትሪክ ማክላፍሊን የሚባሉ ሁለት የአየርላንድ ተወላጆች ወርቅ የበዛበት አፈር አገኙ። ወዲያው ሄንሪ ኮምስቶክ የሚባል ሰው መጣና «መሬቱ የኔ ነው» ብሎ ተከራክሮ ድርሻ ያዘ። የሚገርመው፣ ስሙ በቦታው ላይ ተተክሎ የቀረው ያገኙት ሰዎች ሳይሆን የተከራከረው ሰው ነው።

ቆይቶ ግን ከዚያ ጭቃ ትንሽ ናሙና ተወስዶ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች ተሻግሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተፈተሸ። በታሪክ መጻሕፍት የተመዘገበው ውጤት የሚያስደነግጥ ነው፤ በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ከ800 ዶላር በላይ የሚያወጣ ወርቅ፣ ከዚያም በላይ ወደ 3,000 ዶላር የሚያወጣ ብር። እዚህ ላይ ብር ስንል ኪሳችን ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሳይሆን ነጩን፣ ጌጥ የሚሠራበትን ማለታችን ነው። ሲረገም የከረመው ጭቃ ከወርቁ የበለጠ ሀብት ይዞ ነበር።

ቀደም ብለው የጠረጠሩ ሰዎችም ነበሩ። ኢታን አለን ግሮሽ እና ሆዚያ ግሮሽ የሚባሉ ወንድማማቾች በዚያው አካባቢ ብር ያለበት ድንጋይ እንዳገኙ ለአባታቸው በደብዳቤ ጽፈዋል። በ1857 ሆዚያ በመቆፈሪያ እግሩን መታው፤ ቁስሉ አመርቅዞ ገደለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አለን በበረዶ ተራራውን ሲሻገር እግሩን ብርድ በላውና እሱም ሞተ። ያገኙት ዋናውን የኮምስቶክ ሀብት ነው ወይስ ሌላ የሚለው ብዙ አከራክሯል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ሌሎቹ ወርቅ ብቻ ሲፈልጉ እነሱ «ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

ታዲያ ወርቁም ብሩም እዚያ ምን አመጣቸው?

ከዛሬ 14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢው እሳተ ገሞራ የበዛበት ነበር። ላዩ አንዴሳይት በሚባል የእሳተ ገሞራ ዐለት ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ገና ያልቀዘቀዘ ዐለት አለ። በዚህ መካከል መሬቱ ተሰነጠቀ፤ የስንጥቁ አንዱ ጎን ወደ ታች ተንሸራተተ። ጂኦሎጂስቶች ይህን ስብራት ይሉታል። ውሃ ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፣ ይሞቃል፣ በስብራቱ በኩል ተመልሶ ይወጣል። በአጭሩ ፍል ውሃ ነው።

ጥልቁ ውስጥ ሳለ የውሃው ሙቀት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ግን ከላይ ያለው ጫና ስለሚይዘው አይፈላም። በውሃው ውስጥ ድኝ አለ፤ ወርቁ ከድኙ ጋር ተያይዞ፣ ሟሙቶ ይጓዛል። ውሃው ወደ ላይ ሲቃረብ ጫናው ይቀንስና ይፈላል። አምቦ ውሃ ስትከፍቱ ክዳኑ ሲነሳ ጋዙ ቱፍ ብሎ ይወጣ የለ? እዚህም ድኙ በጋዝ መልክ ያመልጣል። ያኔ ወርቁ የሚይዘው ያጣና ከውሃው ተለይቶ በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ኳርትዝ የሚባለው ነጭ ድንጋይም አብሮ ይዘቅጣል። ብሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከድኝ ጋር ተዋህዶ ጥቁር ማዕድን ይሆናል። የጭቃው ቀለም ምስጢር ይኸው ነው። በዚህ ዓይነት የተሞላ ስንጥቅ ቬይን ይባላል፤ ቃሉ ደም ሥር ማለት ነው።

አሁን ትልቁ ጥያቄ መጣ። ሀብቱ እስከ ምን ድረስ ይወርዳል? «ላይ ላዩን ነው፣ ቶሎ ያልቃል» የሚሉ ነበሩ። ጀርመናዊው ጂኦሎጂስት ፌርዲናንድ ፎን ሪሽቶፈን (በኋላ «የሐር መንገድ» የሚለውን ስም ያስለመደው ሰው) በ1866 ባሳተመው ጥናት ቬይኑ እውነተኛ ጥልቅ ስንጥቅ ስለሆነ ወደ ታች ይቀጥላል ብሎ ተከራከረ። ቆፋሪዎቹም ወረዱ። ድንጋዩ ልል፣ ቬይኑም ሰፊ ስለነበረ ጣሪያው እየተናደ ሰው ይጨርስ ነበር። ለዚህ በ1860 ፊሊፕ ዳይደስሃይመር የሚባል መሐንዲስ መላ አግኝቶ ነበር፤ ወፋፍራም እንጨቶችን እንደ ሣጥን አጋጥሞ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ ባዶውን ቦታ ሞላው። የሰው ሕይወት ተረፈ፤ የአካባቢው ደን ግን ተጨፍጭፎ መሬት ውስጥ ገባ።

በ1873 ከ350 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ የሚበልጥ ሀብታም ድንጋይ ተገኘ። ከባለቤቶቹ አንዱ ጆን ማካይ ሥራውን የጀመረው በቀን ሠራተኝነት ነበር። ኮምስቶክ ግን ድርሻውን ከረጅም ጊዜ በፊት በ11,000 ዶላር ገደማ ሸጦ፣ በ1870 ደህይቶ ሞቷል።

ከዚያ በኋላ «ወደ ታች በወረድን ቁጥር ይበዛል» የሚል እምነት ነገሠ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አክሲዮን የገዛው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ የቤት ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም። ወደ ታች የተገኘው ግን ሙቀት ነው። ከ70 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ ውሃ ከዐለቱ ይፈነዳል። ሠራተኞቹ በረዶ እየተሰጣቸው፣ ጥቂት ደቂቃ ሠርተው ያርፋሉ፤ ውሃው ውስጥ የወደቀ ተቀቅሎ ይሞታል። ውሃውን ለማፍሰስ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሱትሮ ዋሻ ተቆፍሮ በ1878 ከማዕድኖቹ ጋር ተገናኘ። በዚያን ጊዜ ግን ቆፋሪዎቹ ከዋሻው በታች ወርደው ነበር።

ሪሽቶፈን ተሳስቶ ነበር ማለት ነው? ግማሹን ልክ ነበር። ስንጥቁ ይቀጥላል፤ ሀብቱ ግን በስንጥቁ ሁሉ እኩል አይሞላም። የሚከማቸው በተለይ ውሃው በፈላበት ከፍታ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ብትወርዱ ኳርትዙ አለ፣ ወርቁና ብሩ ግን የለም። ይህን ሳያውቁ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ጥለዋል።

መልሱን ለመረዳት የረዳው ያው ሁሉም የሚሸሸው ፍል ውሃ ነው። አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት ጆርጅ ቤከር የኮምስቶክን ጥናት በ1882 ካሳተመ በኋላ፣ ብዙም ሳይርቅ ስቲምቦት ስፕሪንግስ የሚባል ፍል ውሃ መረመረ። በ1888 ባወጣው ሥራ ፍል ውሃው ባስቀመጠው ዝቃጭ ውስጥ ወርቅና ብር እንዳለ አሳየ። የኮምስቶክ ቆፋሪዎችን ያቃጠለው ውሃ ከ14 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ውሃ አይደለም፤ የአሠራሩን መንገድ ግን ይጠቁማል። ከኮምስቶክ በጠቅላላው ወደ 250 ቶን ወርቅና ወደ 6,000 ቶን ብር እንደወጣ ይገመታል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የለገ ደንቢ ወርቅ ከዚህ የተለየ ነው፤ በጣም ባረጁ ዐለቶች ውስጥ፣ በብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት የተሠራ ነው። ስምጥ ሸለቆአችን ግን ሙቅ ዐለትም፣ ስብራትም፣ ፍል ውሃም አለው። በአፋር፣ ቴንዳሆ አካባቢ አሳሾች ኮምስቶክን የሚመስል ዓይነት፣ ወርቅ ያለበት ቬይን አግኝተዋል። እዚያም ቢሆን ጥያቄው ያው የድሮው ነው፤ ውሃው የፈላው የት ላይ ነበር? አንድ ቀን እዚያ ቆማችሁ ናሙና የምትሰበስቡ ከሆነ፣ መንገድ የሚዘጋባችሁን ጭቃ ከመወርወራችሁ በፊት አንዴ አስፈትሹት።