የአቀናባሪው መቀስ

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ መንግሥት ሸሽጎት የነበረው እልቂት ለዓለም ተገለጠ፤ እርዳታም ጎረፈ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ይኸው ፊልም በደርግ ፈቃድ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው በቀድሞ መልኩ አልነበረም። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የመኳንንት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ትርኢቶች ገብተውበት ነበር። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ረሃቡም ድግሱም እውነት ነበሩ፤ መንግሥቱም ከወቀሳ የሚድን አልነበረም። ይሁን እንጂ በተለያየ ጊዜና ቦታ የተነሡ ምስሎች ሲቀጣጠሉ፣ ተመልካቹ መጋጠሚያውን ስለማያይ በአንድ ሰዓት የተፈጸሙ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ፍርዱን የሰጠው የአቀናባሪው መቀስ ነው፤ የወሎው ገበሬ ግን ፊቱ ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚወስንበት ሥልጣን አልነበረውም።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ ዳግመኛ ተርቦ ነበር። የኮረም ረሃብተኞች ምስል ዓለምን ያነቃነቀው በጥቅምት፣ በቢ.ቢ.ሲ. አማካይነት ነው። በዚያ ዓመት ድግሱንና ረሃቡን የሚያጎራብት መቀስ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አልተገኘም። ስለዚህም የአቀናባሪው ኃላፊነት የሚመዘነው በጨመረው ምስል ብቻ ሳይሆን ባስቀረውም ጭምር ነው።