በር አንኳኪው ጣሪያ ጠጋኝና ከጀርባው ያለው ከፋይ

በአሜሪካ ከተሞች በር አንኳኩቶ «ጣሪያዎ ተጎድቷል፤ ሠራተኞቼ እዚሁ ሰፈር ናቸውና ዛሬውኑ በቅናሽ ልሥራልዎ» የሚል ሰው አዲስ አይደለም። ቀብዱን ተቀብሎ ስለሚሰወረው፣ ወይም ደህናውን ጣሪያ ራሱ ነቅሎ «ይኸው ተበላሽቷል» ስለሚለው ሰው ሲወራ፣ ወሬው ከአታላዩና ከየዋሁ ባለቤት አያልፍም። ያለፉት ዘጠና ዓመታት ታሪክ ግን ደጃፉ ላይ የማይታይ ሦስተኛ ወገን እንዳለ ያሳያል፤ እሱም ከፋዩ ነው። ሕጉ በሩን ብቻ ሲጠብቅ ብዙም አልሠራም፤ ገንዘቡን ሲከተል ግን ፍሬ አፍርቷል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሩን ለመጠበቅ ከተደረጉት ሙከራዎች ስመ ጥሩው የ1931ዱ ነው። በዋዮሚንግ ግዛት ያለችው ግሪን ሪቨር የባቡር ሠራተኞች ከተማ ነበረች። ሌሊት ሠርተው ቀን የሚተኙትን ሰዎች አዟሪ እየቀሰቀሰ ቢያስቸግር፣ ከተማዋ ሳይጠራ በር የሚያንኳኳን ሻጭ ከለከለች። ደንቡ በሌሎች ከተሞችም ተቀዳ፤ በ1951 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሉዊዚያናዋ አሌክሳንድሪያ ያወጣችውን ተመሳሳይ ደንብ አጸና። ሆኖም ደንቡ የጠበቀው እንቅልፍን እንጂ ኪስን አልነበረም።

ኪሱን ለአታላይ ያመቻቸው መንግሥት ነው፤ ያውም በበጎ ሐሳብ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ በሰኔ 1934 የወጣው የቤቶች ሕግ አናጢው ሥራ እንዲያገኝ፣ ያረጀውም ቤት እንዲታደስ በማሰብ፣ ባንኮች ለጥገና ለሚያበድሩት ገንዘብ ዋስትና ሰጠ። ኪሳራው በመንግሥት ከተሸፈነ ባንኩ ጣሪያው መሠራቱን ለማየት ለምን ይደክማል? የብድሩን ወረቀት ይዞ የሚዞረውና የሚያስፈርመው ሻጩ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ዳይናማይተር» የሚል ስም የወጣላቸው ሻጮች ጣሪያና የአሉሚኒየም ግድግዳ ልባስ እየሸጡ ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ ጀመር። «ቤትዎ ለሰፈሩ ማሳያ ይሆናል፤ ጎረቤትዎ ባሠራ ቁጥር ኮሚሽን ስለሚያገኙ በነጻ እንደተሠራልዎ ይቁጠሩት» ይሉ ነበር። ኮሚሽኑ አይመጣም፤ የዕዳው ማስታወቂያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይደርሳል። «ሥራው ተጠናቋል» የሚለውን ወረቀት ሥራው ሳይጀመር የፈረመም ነበር። በ1954 ቅሌቱ ሲፈነዳ ዋስትናውን የሚሰጠው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ኮሚሽነር ጋይ ሆሊዴይ ከሥልጣን ወረዱ፤ በሴናተር ሆመር ኬፕሃርት የተመራ የሴኔት ኮሚቴም ጉዳዩን መረመረ። የዚያው ዓመት ሕግ ባንኩ ከኪሳራው ከፊሉን ራሱ እንዲሸከም አደረገ። ከሁሉ የበለጠ የሠራው እርምጃ ይህ ይመስለኛል፤ የራሱ ገንዘብ የገባበት አበዳሪ ዓይኑን ይከፍታልና።

ቀጥሎ የመጣው መድኃኒት ጊዜ ነበር። በ1968 የወጣው የብድር ግልጽነት ሕግ መኖሪያ ቤቱን መያዣ አድርጎ የተበደረ ሰው ሦስት የሥራ ቀናት አስቦ ውሉን እንዲሰርዝ ፈቀደ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1972 አጽድቆ በ1974 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ይህንኑ መብት በቤት ውስጥ ለሚደረግ ሽያጭ ሰጠ፤ ሻጩም የመሰረዣ ቅጽ በሁለት ቅጂ የመስጠት ግዴታ ተጣለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ውሉ ሻጩ ባግባባበት ቋንቋ መጻፍ አለበት። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በዳላስ አንዱ ሻጭ ወገኑን በአማርኛ አሳምኖ በእንግሊዝኛ ቢያስፈርም ደንቡን ጥሷል።

«ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የፈረመውን ሊያከብር ይገባዋል» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ሁለቱ ተዋዋዮች ፊት ለፊት ሲተያዩ ያስኬዳል። እዚህ ግን ሻጩ የዕዳውን ወረቀት በማግሥቱ ለፋይናንስ ድርጅት ይሸጠዋል፤ ድርጅቱም «ስለ ጣሪያው አላውቅም፤ ገንዘቤን» ይላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በ1975 ያወጣው ሌላ ደንብ ይህን በር ዘጋ፤ በሻጩ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ወረቀቱን በገዛው ላይም እንዲቀርብ አስቻለ።

ዛሬ የባንኩን ቦታ ኢንሹራንስ ወስዷል። ከበረዶ ወይም ከአውሎ ነፋስ በኋላ የሚመጣው ሰው «ኢንሹራንስዎ ይከፍላል፤ ዲዳክቲብሉን (ከራስዎ ኪስ የሚከፍሉትን ድርሻ) እኔ እተውልዎታለሁ» ይላል። ቴክሳስ ይህን በ2019 ከለከለች። በፍሎሪዳ ባለቤቶች የካሳ መብታቸውን ለጣሪያ ሠሪው በፊርማ ያስተላልፉ ነበር፤ ግዛቲቱ በታኅሣሥ 2022 ባወጣችው ሕግ ከጥር 2023 ጀምሮ በሚሰጡ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ላይ ይህ እንዲቀር አደረገች። ተቃዋሚዎቹ «ደካማው ባለቤት ከትልቅ ኩባንያ ጋር ብቻውን ሊሟገት ነው» ማለታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሐቀኛ ጣሪያ ሠሪዎችም ሞልተዋል። ነገር ግን መብቱን አሳልፎ የሰጠ ባለቤት በገዛ ቤቱ ጉዳይ ተመልካች ይሆናል፤ ከዚህ የባሰ ድካም አይታየኝም።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ገንዘቡ ከማን ወጥቶ ለማን እንደሚሄድ ይጠይቁ፤ ፈቃዱንም ያጣሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሜሪላንድ የቤት ጥገና ኮሚሽኑ ከ1962 ጀምሮ አለ፤ የካሳ ፈንዱ የሚከፍለው ግን ፈቃድ ካለው ኮንትራክተር ጋር ለተዋዋለ ባለቤት ብቻ ነው።