የስማርት ካርድ ታሪክና የደረጃዎች ፉክክር

አንድ አዲስ መሣሪያ ገበያ ላይ ሲውል የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው። መሣሪያው ከሌላ መሣሪያ ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ በሆነ ጊዜ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም «ከማን ጋር ይግባባል?» የሚለው ነው። የስማርት ካርድ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው ጥያቄ ታሪክ ነው።

ፈረንሳዊው ሮላን ሞሬኖ መረጃ የሚይዝ ቺፕ ያለበትን ካርድ በ1974 (እ.ኤ.አ.፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) በፈጠራ መብት አስመዘገበ። የቡል ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሚሼል ኡጎን ደግሞ በ1977 ማይክሮፕሮሰሰርን በካርዱ ውስጥ የሚያካትተውን አሠራር አስመዘገበ። ከ1982 ጀምሮ የፈረንሳይ ባንኮች በሦስት ከተሞች ሦስት የተለያዩ ካርዶችን ሞከሩ፤ የቡል ካርድ በብሉዋ፣ የፊሊፕስ በካን፣ የፍሎኒክ ሽሉምበርዤ በሊዮን ነበር። ከፉክክሩ በኋላ የማይክሮፕሮሰሰሩ ካርድ ተመረጠ፤ በ1992 መጨረሻም የፈረንሳይ የባንክ ካርዶች ሁሉ ቺፕ ያላቸው ሆኑ። ማጭበርበርም በእጅጉ ቀነሰ።

በዚሁ ጊዜ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት 7816 የተባለውን ደረጃ በየክፍሉ ያወጣ ጀመር። በ1988 የወጣው ሁለተኛው ክፍል የስምንቱን የኤሌክትሪክ መነካኪያዎች ቦታ ወሰነ፤ ቦታው ግን ፈረንሳዮች ቀደም ሲል ከመረጡት ይለይ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ ለአንዱ ቦታ ብቻ የተሠራ ማንበቢያ የሌላውን ካርድ ሊነካ አይችልም። ከዚህም በላይ ደረጃው መረጃ በባይት የሚተላለፍበትን «ቲ ዜሮ»ንም፣ በጥቅል የሚተላለፍበትን «ቲ አንድ»ንም ተቀበለ። ስለዚህ ሁለት መሣሪያዎች ደረጃውን አክብረው ሳለ ላይግባቡ ይችሉ ነበር።

በ1993 ዩሮፔይ፣ ማስተርካርድና ቪዛ ለክፍያ ካርዶች የጋራ ደንብ ለማውጣት ተስማሙ፤ ደንቡም በ1996 ታተመ። ከሁሉ ቀድማ ገንዘቧን ያፈሰሰችው ፈረንሳይ የራሷን ደንብ ትታ ከ2000 በኋላ ካርዶቿንና ማንበቢያዎቿን ወደ አዲሱ ለመለወጥ ተገደደች። ቀዳሚ መሆኗ የብዙ ዓመታት ጥቅም አስገኘላት፤ ዳግመኛ ወጪም አስከተለባት።

ዘግይቶ መጀመርም ነጻ አይደለም። የዩናይትድ ስቴትስ ባንኮች በማግኔት ካርድ ቆይተው፣ ቺፕ የማያነብ ነጋዴ በሐሰተኛ ካርድ የሚደርሰውን ኪሣራ እንዲሸከም የሚያደርገው ደንብ በሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2015 ነው። እስከዚያ ድረስ ማግኔቱ በቀላሉ ሲገለበጥ ኖሯል።

ሆኖም ደረጃን ማስማማት ብቻውን አይበቃም። በ1997 ሲቲባንክና ቼዝ ማንሃታን በኒውዮርክ አፐር ዌስት ሳይድ «ቪዛ ካሽ» እና «ሞንዴክስ» የተባሉትን የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ካርዶች በአንድ ማንበቢያ አስተናገዱ። ቴክኒካዊው ችግር ተፈታ፤ ዳሩ ግን ደንበኛው በኪሱ ካለው ጥሬ ገንዘብ የሚበልጥ ጥቅም ስላላየ ሙከራው በ1998 መጨረሻ ተቋረጠ።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቶችን በግዢ የምናማክር ባለሙያዎች ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎችን ልንወስድ ይገባናል፦ ደረጃው ምርጫ የተወባቸው ነጥቦች የትኞቹ ናቸው? ደንቡ ቢለወጥ የሚለወጠው ፕሮግራሙ ብቻ ነው ወይስ መሣሪያው ሁሉ? የለውጡንስ ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ በውሉ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ፣ ዕዳው የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው።