አሮጌ ዘፈን ለምን አያረጅም?

የእኛ ባች በተገናኘ ቁጥር ያየሁት ነገር አለ። አዲስ ዘፈን ሲከፈት ግማሹ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀራል፤ ጥላሁን ገሠሠ ወይም መሐሙድ አህመድ ሲመጣ ግን ሁሉም ብድግ ይላል። የሚገርመው፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለነው ሰዎች ከእነዚህ ዘፈኖች ብዙዎቹ ሲወጡ ገና አልተወለድንም።

ሐኪም ነኝና መጀመሪያ ወደ አንጎል ልሂድ። ሰው ከአሥር ዓመቱ ገደማ እስከ ሃያዎቹ የሰማውን ዘፈን ከሌላው ዕድሜው ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ይህ የታወቀ ነው። ጥናቶች ያሳዩት ሌላም ነገር አለ፦ ወላጆቻችን በወጣትነታቸው የሰሙት ዘፈንም እኛ ውስጥ ልዩ ቦታ ይይዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲከፈት እየሰማን አድገናል። እንግዲህ ጥያቄው «ዘፈኑ እኛ ዘንድ በምን ደረሰ?» የሚል ይሆናል።

ለረጅም ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ይህን ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። አምሃ ሬከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳተመ፤ ካይፋ ሬከርድስም ተከተለ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው መጣ። አምሃ ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ሸክላውም ለካሴት ቦታ ለቀቀ። ካሴት ደግሞ ርካሽ ነው፤ አንዱ ከሌላው ይገለብጠዋል። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና ወይም በሻሸመኔ አድርጎ ሶዶ ለሚገባ አውቶቡስ ሹፌር የጥላሁን ካሴት እንደ ነዳጅ ነበር።

በዚያው አውቶቡስ ኬኒ ሮጀርስና ጂም ሪቭስም ይሰሙ ነበር። እንግሊዝኛው ያልገባው ሰው እንኳ አብሮ ያንጎራጉራል። ለምን? ረጋ ብለው፣ ቃሉን አጥርተው ነው የሚዘፍኑት። ናፍቆትና መለየትን ይተርካሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ የካንትሪ ዜማዎች የተመሠረቱባቸው አምስት ድምፆች የእኛ ትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ስለዚህ ለጆሯችን ባዕድ አልነበሩም።

ዘፈን የሚቆየው ግን ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ከ25 በላይ ቅጾች አሳትሞ እነዚያን ዘፈኖች ለዓለም አደረሰ። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ይህ ሁሉ የተቻለው ቅጂው ስለነበረ ነው። ያልተቀዳ ዘፈን ሁለተኛ ዕድል የለውም።

እዚህ ዳሞታ ተራራ ሥር ሆኜ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የወላይታ ምት ዛሬ በመላው አገሪቱ ሠርግና መድረክ ላይ ሕዝብ ያስነሳል። በዚያ የሸክላ ዘመን የተቀዳው ግን በአብዛኛው አማርኛ ነበር። የድሮዎቹ የጊፋታ ዘፈኖች ከእናት ወደ ልጅ፣ በአፍ ነው የመጡት። አፉ ሲዘጋ እነሱም አብረው ይሄዳሉ።

የመርሳት በሽታ ያለባቸው አንዲት እናት አክሜ ነበር። የልጃቸው ስም ይጠፋባቸዋል፤ የጊፋታ ዘፈን ሲጀመርላቸው ግን እስከ መጨረሻው ያወጡታል። በዚህ በሽታ የሙዚቃ ትውስታ ብዙውን ጊዜ ከሌላው ዘግይቶ ነው የሚጎዳው። ልጃቸው ያንን ዘፈን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ስልኩን አውጥቶ ቀዳው።

ወገኖቼ፣ በመስከረም ለጊፋታ ቤተሰብ ጋር የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። አያቶቻችሁን አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ ዘፈኑን ከማን እንደተማረ፣ የየት አካባቢ እንደሆነና የተቀዳበትን ቀን ቅጂው ላይ ተናገሩ፤ ስሙ የሌለው ቅጂ ግማሹ ጠፍቷል ማለት ነው። መምህራኖቻችንም ቅጂዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ በቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ብታዘጋጁልን ሥራው መልክ ይይዛል። አምሃ እሸቴ ያን ጊዜ ማሽን ፍለጋ ባሕር መሻገር ነበረበት። የእኛ ግን ኪሳችን ውስጥ ነው።